ሕፃን ስንት ሰዓት ይጾማል?

ሕፃናትን በሰመመን ለሚደረግ የምስል ምርመራ የማዘጋጀት ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ከአዳማ ተነሥቶ ወደ አርሲ በሚወስደው መንገድ የሚጓዝ ሰው አሥራ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ አዋሽ መልካሳን ያገኛል። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው፤ አዋሽም በዚያው ያልፋል። ከዚህች የስምጥ ሸለቆ ከተማ የስምንት ወር ልጇን አዝላ የምትመጣ አንዲት እናት በምሳሌነት እናስብ። የልጁ ራስ ከዕድሜው በላይ እየተለቀ በመሄዱ ሐኪሙ የአንጎሉ ምስል በኤምአርአይ እንዲነሣ አዟል። ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በእጇ በያዘችው ወረቀት ላይም «ከ5:00 በኋላ ጡት አይሰጠው» የሚል ቃል ተጽፏል።

ጸሐፊው ይህን የጻፈው በፈረንጅ ሰዓት አስቦ ነው፤ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ማለቱ ነበር። እናትየዋ ግን እንደ ማንኛችንም በሀገሯ ሰዓት የምትቈጥር በመሆኗ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ጀምራ ጡቷን ከለከለች። ስለዚህ አራት ሰዓት እንዲጾም የታሰበው ሕፃን አሥር ሰዓት ሊጾም ሆነ። ሊነጋጋ ሲል ደግሞ አያቱ የልጁ ልቅሶ አንጀታቸውን ቢበላቸው ለጋ ቅቤ በጣታቸው እየጠቀሱ አቀመሱት። ወረቀቱ ጡትን ከለከለ እንጂ ስለ ቅቤ ያለው ነገር የለምና። እንግዲህ ልጁ ወደ ምርመራው ክፍል የሚቀርበው ሁለት ተቃራኒ አደጋዎችን ባንድነት ተሸክሞ ነው፤ ሰውነቱ በረኃብና በጥም ደክሟል፣ ጨጓራው ግን ባዶ አይደለም።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ክፉ ያሰበ ሰው የለም። ሐኪሙ ትክክል አዟል፣ ጸሐፊው ትክክል ጽፏል፣ እናቲቱ የታዘዘችውን ፈጽማለች፣ አያቲቱም እንደ አያት አድርገዋል። የጐደለው በሁሉም መካከል መኖር የነበረበት ግልጽ ቃል ነው። ስለ ምርመራ መሣሪያዎች ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። በመሠረቱ ግን ሕፃኑን ለአደጋ የሚያጋልጠው ወይም ከአደጋ የሚጠብቀው ከመሣሪያው ይልቅ ወደ መሣሪያው እስኪደርስ ድረስ ያሉት ሰዓቶች ናቸው። የእነዚህን ሰዓቶች ታሪክ ለሙያ ባልደረቦቻችን በአጭሩ ማቅረብ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። የሚጠቀሱት ዘመኖች «ዓ.ም.» ካልተባሉ በቀር በፈረንጆች አቆጣጠር የተሰጡ መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንለምናለን።

ሕፃኑን ማስተኛት ለምን አስፈለገ?

ቪልሄልም ሮንትገን እ.ኤ.አ. በኅዳር 1895 ራጅን ሲያገኝ፣ የሰው ልጅ ሥጋውን ሳይቀድድ አጥንቱን ለማየት በቃ። የራጅ ሥዕል ቅጽበታዊ በመሆኑ ሕፃኑን ለአፍታ ይዞ ማንሣት ይቻላል። ነገሩ የተለወጠው በ1971 ጥቅምት ወር መጀመሪያ ላይ በለንደን አትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋ ሕመምተኛ በሲቲ ስካን በተመረመረች ጊዜ ነው። መሣሪያውን የሠራው ጎድፍሪ ሃውንስፊልድ፣ ስሌቱን አስቀድሞ ካሰበው ከደቡብ አፍሪካዊው ተወላጅ ከአለን ኮርማክ ጋር በ1979 የኖቤልን ሽልማት ተካፈለ። ያ የመጀመሪያው መሣሪያ አንዱን የአንጎል ቅንጣቢ ለመሣል ብቻ ደቂቃዎች ይፈጅበት ስለ ነበር የሚመረመረው ሰው ሳይነቃነቅ መቈየት ግዴታው ሆነ።

በ1977 ደግሞ ሬይመንድ ዳማዲያንና ረዳቶቹ የሰውን ደረት በማግኔት ኃይል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሥሉ ሥራው አምስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነበር ያበቃው። ዛሬ ሲቲ ስካን በሴኮንዶች ይጠናቀቃል። ኤምአርአይ ግን እንደ ምርመራው ዓይነት ከሃያ ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ላይ ድምፁ እንደ መዶሻ የሚደበድብ ነው። ለዐዋቂ ሰው «አይንቀሳቀሱ» ማለት ይበቃል። ለስምንት ወር ሕፃን ግን ይህ ቃል ትርጉም የለውም። ጥቂት ከተወራጨ ምስሉ ይደበዝዛል፤ ምርመራውም እንደገና ይጀመራል። ስለዚህ ሕፃኑ መተኛት አለበት፤ እንቅልፉም ብዙውን ጊዜ የመድኃኒት እንቅልፍ ነው።

የእንቅልፉ መድኃኒት

የሰመመን ታሪክ የሚቈጠረው የጥርስ ሐኪሙ ዊልያም ሞርተን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 16 ቀን 1846 በቦስተን ከተማ በኤተር ያስተኛው ሰው ሳይሰማው እባጩ ከተወገደለት ዕለት ጀምሮ ነው። በዓመቱ በስኮትላንድ ጄምስ ሲምፕሰን ክሎሮፎርምን አስተዋወቀ። ይሁን እንጂ ከዚያ በኋላ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጥር 1848 በእንግሊዝ ሀገር ሐና ግሪነር የምትባል የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ የእግሯ ጥፍር ሊነቀልላት ክሎሮፎርም ተሰጥቷት ወዲያው ሞተች።

በዚህች ልጅ ሞት ላይ የተነሣው ክርክር ለጉዳያችን ትልቅ ትርጉም አለው። ሐኪሙ ጆን ስኖው ያጠፋት የመድኃኒቱ መብዛት ነው ሲል ተከራከረ። ሲምፕሰን ግን ራሷን ስታ ሳለ እንድትነቃ ተብሎ በአፏ የተንቆረቆረው ውሃና ብራንዲ አነቃት አለ። ከሁለቱ የትኛው እውነት እንደ ሆነ ዛሬ መፍረድ ያስቸግራል። ሆኖም የሰመመን ሙያ ገና በአራስነቱ ሳለ ሁለቱንም ታላላቅ ጥያቄዎቹን በአንዲት ልጅ ሞት ላይ አገኛቸው ለማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ምን ያህል ይሁን የሚለውና በአፍና በጨጓራ ውስጥ ያለው ነገር ወዴት ይሄዳል የሚለው።

ከዚያ በኋላ የመጡት መድኃኒቶች ብዙዎች ናቸው። በ1832 በኬሚስቱ ሊቢግ የተሠራው ክሎራል ሃይድሬት በ1869 ኦስካር ሊብራይኽ በእንቅልፍ መድኃኒትነት ካስተዋወቀው ወዲህ፣ በአፍ የሚሰጥ በመሆኑ ሕፃናትን ለምርመራ በማስተኛት ረገድ ከመቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። በ1937 ፊሊፕ ኤይር ለከንፈረ ስንጥቅ ሕፃናት ቀዶ ሕክምና የሚሆን ቀላል የመተንፈሻ ቱቦ አበጀ፤ ለትንሽ ሳንባ ትንሽ መሣሪያ እንደሚያስፈልግ በሥራ ያሳየ ነገር ነበር። በ1962 የተሠራውና በ1970 በአሜሪካ የተፈቀደው ኬታሚን ደግሞ አተነፋፈስን ከሌሎቹ ያነሰ ስለሚጫን ብዙ መሣሪያ በሌለበት ሆስፒታል የባለሙያው ቀኝ እጅ ሆነ። በ2015 ቻይና መድኃኒቱ በዓለም አቀፍ ቁጥጥር ሥር እንዲውል ያቀረበችው ሐሳብ ተቀባይነት ያጣውም፣ የድኃ ሀገር ሆስፒታሎች ያለ ኬታሚን ቀዶ ሕክምና ሊያደርጉ አይችሉም የሚለው ድምፅ በመሰማቱ ነው። ከእነዚህ መድኃኒቶች መካከል ግን በሞላ ጨጓራ ላይ ያለ ሥጋት የሚሰጥ አንድም የለም።

የጾሙ ሕግ ከየት መጣ?

ሰው ሲተኛ በተለይም በመድኃኒት ሲተኛ ጉሮሮውን የሚጠብቀው ሳልና ትንታ ይደክማል። በዚህ ጊዜ ከጨጓራ ወደ ላይ የተመለሰ ምግብ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ይህን የጥንቶቹም ያውቁት ነበር። ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ ጆዜፍ ሊስተር በ1880ዎቹ መጀመሪያ ላይ ክሎሮፎርም የሚወስድ ሰው ጨጓራው ጠጣር ምግብ እንዳይኖርበት፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ግን አንድ ስኒ ሻይ ወይም የሥጋ መረቅ ቢጠጣ ጥሩ እንደ ሆነ መክሮ ነበር። አንባቢ ይህን «ሁለት ሰዓት» በልቡ ይያዝልን።

በ1946 የኒው ዮርኩ ሐኪም ከርቲስ ሜንደልሰን በምጥ ጊዜ ሰመመን ስለ ተሰጣቸው እናቶች ያሳተመው ጥናት የዓለምን አሠራር ለወጠ። ከ1932 እስከ 1945 ከተመዘገቡት 44,016 ወሊዶች መካከል በ66ቱ የጨጓራ ይዘት ወደ ሳንባ መግባቱን አረጋገጠ። ከእነዚህ ሁለቱ ጠጣር ምግብ አንቋቸው ሞቱ። የጨጓራ አሲድ ሳንባን እንዴት እንደሚያቃጥልም በእንስሳት ላይ ባደረገው ሙከራ አሳየ። ከዚህ በኋላ ጥንቃቄው እየጠበቀ ሄደና «ከእኩለ ሌሊት በኋላ ምንም ነገር በአፍ አይግባ» የሚለው ትእዛዝ በየሆስፒታሉ ሰፈነ። ትእዛዙ ለመናገርም ለማስታወስም ቀላል ነበር። ነገር ግን በጠጣርና በፈሳሽ፣ በዐዋቂና በሕፃን መካከል ልዩነት አላደረገም።

በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተደረጉ ጥናቶች ንጹሕ ፈሳሽ ከጨጓራ ፈጥኖ እንደሚወጣ ሲያረጋግጡ፣ ዓለም ከመቶ ዓመት በኋላ ወደ ሊስተር ስኒ ተመለሰ። በ1999 የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ያወጣው መመሪያ ለንጹሕ ፈሳሽ 2 ሰዓት፣ ለእናት ጡት ወተት 4 ሰዓት፣ ለዱቄትና ለላም ወተት እንዲሁም ለቀላል ምግብ 6 ሰዓት በማለት ወሰነ። ቅባት የበዛበት ምግብ ከሁሉም ዘግይቶ ስለሚወጣ ከዚያም የሚበልጥ ጊዜ ይጠይቃል። በ2022 የወጣው የአውሮፓ መመሪያ ደግሞ ለሕፃናት ንጹሕ ፈሳሽን ወደ 1 ሰዓት፣ የእናት ጡትን ወደ 3 ሰዓት ዝቅ አድርጎታል። እያንዳንዱ ተቋም በጽሑፍ ያወጣውን ደንብ መከተል አለበት፤ ሳይንሱ የሚያመለክተው አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው። ሕፃን ያከማቸው ስኳር ጥቂት ስለ ሆነና ውሃውም ቶሎ ስለሚያልቅ ያለ አግባብ የረዘመ ጾም ራሱ ጉዳት ነው። በስምጥ ሸለቆ ሙቀት፣ በተጨናነቀ ሚኒባስ ውስጥ ለሚመጣ ሕፃን ጉዳቱ የባሰ ይሆናል።

ሕጉ ወደ ሀገራችን ሲገባ

ዘመናዊ ሕክምና በሀገራችን ሥር መስደድ የጀመረው ከዐድዋ ድል በኋላ በመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድንና በኋላም በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ነው። በአዳማ ደግሞ ከጠላት ወረራ በኋላ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ሜኖናይት የተባሉት ሚስዮናውያን ቀድሞ የጥጥ መዳመጫ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ሆስፒታል አቋቋሙ። በጠላት ጊዜ በተሰዋው በሸዋው አርበኛ ስምም የኃይለ ማርያም ማሞ መታሰቢያ ሆስፒታል ተባለ። የዛሬው የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ መነሻው ይኸው ነው።

በዚያ ሆስፒታል ድሬሰሮች ይሠለጥኑ ነበር። ስለ ድሬሰሮች የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። የሐኪሙን ትእዛዝ ወደ ባላገሩ ቋንቋና ወደ ባላገሩ ሰዓት የሚመልሰው ድሬሰሩ ነበርና። ዛሬም በኢትዮጵያ አብዛኛውን ሰመመን የሚሰጡት ሐኪም ያልሆኑ የሰመመን ባለሙያዎች መሆናቸውን ስናስብ፣ ያ የማስታረቅ ሥራ ወደ እኛ መተላለፉን እንረዳለን። የምናስታርቃቸውም ነገሮች ቢያንስ ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ሰዓት ነው። በመግቢያችን ያየነው የ«5:00» ስሕተት ከእናቲቱ አለማወቅ የመጣ አይደለም፤ ከእኛ አጻጻፍ የመጣ ነው። «ከሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ሊነጋ ሲል» ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። በመልካሳና በአካባቢዋም ይኸው ቃል በኦሮምኛ ጭምር ቢጻፍና በቃልም ቢነገር የሚጠፋው ስሕተት ብዙ ነው።

ሁለተኛው ጾም የሚለው ቃል ነው። ለእናቶቻችን ጾም የዕለትና የፈሪሃ እግዚአብሔር ጉዳይ ነው፤ ሕፃን ጾም የለበትም። ይልቁንም «ይጹም» ስትባል አንዳንዷ እናት በጾም የሚከለከለው ሥጋና ወተት ብቻ ነው ብላ ልታስብ፣ ሌላዋም ውሃን ጨምራ ልትከለክል ትችላለች። ስለዚህ ምክንያቱን መንገር ይገባል፤ «ልጁ ተኝቶ ሳለ የጠባው ወተት ወደ ላይ ቢመለስ ወደ ሳንባው ይገባል» ማለት። ምክንያቱን የተረዳች እናት ማንም ሳይቈጣጠራት ራሷ ጠባቂ ትሆናለች።

ሦስተኛው የቤቱ ልማድ ነው። ለሕፃን ለጋ ቅቤ ማቅመስ፣ የአብሽ ውሃ መስጠት፣ ሆዱን ሲቈርጠው በጥብጦ ማጠጣት በብዙ ቤት የተለመደ ነው። እነዚህም ሁልጊዜ በእናቲቱ እጅ የሚሰጡ አይደሉም። «ምን በላ?» ብሎ መጠየቅ አይበቃም፤ ቅቤ፣ አብሽ፣ እርጎ፣ የላም ወተት እያሉ በየስሙ፣ ልጁን የያዙትንም አያት «እማማ፣ እርስዎስ ምን አቀመሱት?» ብሎ በአክብሮትና ያለ ቁጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። የተቈጡ እንደ ሆነ መልሱ «ምንም» ይሆናል። ለኤምአርአይ ደግሞ የአንገቱን የብር መስቀል፣ ብረት የተቋጠረበትን ክታብ፣ አምባርና የጆሮ ጌጥ፣ የዓይኑን ኩል ሳይቀር አስቀድሞ በስምምነት ማስወገድ ይገባል። ክታብ ወይም ማተብ በድንገት በበሩ ላይ ሲበጠስ ቤተሰቡ የሚያድርበትን ሥጋት ማንኛችንም አንስተውም።

ከእንቅልፉ በፊት የሚጠየቅ ጥያቄ

ከሁሉ አስቀድሞ ግን ይህ ሕፃን በእርግጥ በመድኃኒት መተኛት አለበት ወይ? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። የሀገራችን እናቶች ቅቤ የሚያኖሩባት እርግብግቢት ክፍት እስከ ሆነች ድረስ የአንጎል መስኮት ናት። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ዕድሜ ትዘጋለች። በእርሷ በኩል በአልትራሳውንድ አይቶ በራስ ቅል ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን ያለ እንቅልፍ፣ ያለ ጾም፣ በእናቱ ጭን ላይ ሳለ ማወቅ ይቻላል። ፈጣኑ ሲቲ ስካንም ቢሆን ሕፃኑን በመጠቅለል ብቻ ሊነሣ ይችላል፤ ጨረሩ ግን በሚገባ መመዘን አለበት። ጥቂት ወራት ብቻ ለሆነው ጨቅላ ከኤምአርአይ በፊት ጡት አጥብቶ፣ ጆሮውን ሸፍኖ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ በተፈጥሮ እንቅልፍ ማስነሣት በሌላው ዓለም የታወቀ ዘዴ ነው። ለእኛም እናቶች ሕፃን ጠቅልሎ «እሹሩሩ» ማለት የሚማሩት ትምህርት አይደለም።

በመድኃኒት መተኛቱ ግድ በሆነ ጊዜ ወላጆች «አንጎሉን ይጎዳው ይሆን?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም፤ መልሱን ማወቅ ግዴታችን ነው። በ2016 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከሦስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት የረዘመ ወይም የተደጋገመ ሰመመንን በጥንቃቄ እንዲያዩ አሳሰበ። በ2019 ውጤቱ የታተመው ሰፊ ዓለም አቀፍ ጥናት ግን ከአንድ ሰዓት ያነሰ አንድ ሰመመን በጨቅላነታቸው የወሰዱ ልጆች በአምስት ዓመታቸው በአእምሮ ችሎታ ካልወሰዱት እንዳላነሱ አሳየ። አስፈላጊ የሆነን ምርመራ በዚህ ፍርሃት ማስቀረት ትክክል አይሆንም፤ ሊቀር የሚችለውን ማስቀረት ግን ትክክል ነው። ትኩሳት ወይም ጉንፋን ይዞት የመጣውንም ሕፃን፣ ጉዳዩ አጣዳፊ ካልሆነ፣ ቀጠሮውን ማሸጋገር ጥበብ ነው።

ክፍሉና የመልስ ጉዞው

ዝግጅት ለሕፃኑ ብቻ አይደለም፤ ክፍሉም ይዘጋጃል። በ2001 በኒው ዮርክ አቅራቢያ በእንቅልፍ መድኃኒት ተኝቶ ኤምአርአይ ውስጥ የነበረ የስድስት ዓመት ልጅ ኦክስጅን አስፈልጎት የብረት ሲሊንደር ወደ ክፍሉ ቢገባ ማግኔቱ ሲሊንደሩን ስቦ ራሱን መታው፤ ልጁም ሞተ። ልጁን የገደለው መድኃኒቱ አልነበረም። ኦክስጅን፣ መምጠጫ፣ ለዕድሜው የሚሆን የመተንፈሻ ጭንብል፣ የልብ ምቱንና የደሙን ኦክስጅን የሚያሳይ መሣሪያ ሁሉ ከመድኃኒቱ በፊት በቦታቸው መገኘት አለባቸው። ጃፓናዊው ታኩኦ አዮያጊ በ1970ዎቹ መጀመሪያ መሠረቱን የጣለው ፐልስ ኦክሲሜትር ለዚህ ሥራ የተሰጠ ዓይን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅም ከመጀመሪያዎቹ ነጥቦቹ አንዱ ያደረገው ይህ መሣሪያ በሕመምተኛው ላይ መዋሉን ነው። በ2016 የሀገራችን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የጀመረው ደኅንነቱ የተጠበቀ የቀዶ ሕክምና መርሐ ግብርም መንፈሱ ይኸው ነው፤ የምስል ምርመራውም ክፍል ከዚህ መንፈስ ውጭ መሆን የለበትም።

በ2000 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከእንቅልፍ መድኃኒት በኋላ የደረሱ አደጋዎችን ሲመረምር፣ አንዳንዶቹ ሕፃናት የተጎዱት ከሕክምና ቦታ ከወጡ በኋላ በመንገድና በቤት መሆኑን አገኘ። ረጅም ጊዜ የሚቈይ መድኃኒት የወሰደ ሕፃን በተሽከርካሪ ውስጥ እንደገና ሊያንቀላፋ፣ አንገቱም ወደ ፊት ታጥፎ ትንፋሹ ሊያጥር ይችላል። ወደ መልካሳ የሚመለስ ሕፃን በእናቱ ጀርባ ታዝሎ፣ በነጠላ ተሸፍኖ ነው የሚጓዘው፤ እናቱም ፊቱን አታይም። እንግዲህ በሚገባ ሳይነቃና ሳይጠባ አለማሰናበት፣ ሲሄድም «በጀርባ አይታዘል፣ ፊቱን እያዩ በክንድዎ ይታቀፍ» ብሎ መንገር የዝግጅቱ የመጨረሻ ክፍል ነው።

ማጠቃለያ

የመቶ ሰባ ዓመቱ ታሪክ የሚያስተምረን መሣሪያው ሲረቅቅ የእኛ ቃል አብሮ መጥራት እንዳለበት ነው። ስለዚህ በየሥራ ቦታችን ልንፈጽማቸው የምንችላቸውን ሦስት ነገሮች እናቀርባለን። የመጀመሪያው፣ የቀጠሮ ወረቀት በሀገር ሰዓትና በእናቲቱ ቋንቋ ይጻፍ፤ ቀጠሮው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከሆነና ተቋሙ የሚሠራበት ደንብ የ2፣ የ4 እና የ6 ሰዓቱ ከሆነ፣ የላም ወተትና ምግብ እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የእናት ጡት እስከ ሌሊቱ 11 ሰዓት፣ ከስድስት ወር በላይ ለሆነው ሕፃን ንጹሕ ውሃ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እንደሚፈቀድ ይገለጽ። ሁለተኛው፣ ሕፃናት ከሁሉ በፊት ተራ ያግኙ፤ ተራው ከዘገየም እናቲቱ መቼ ጡት ልትሰጥ እንደምትችል ወጥቶ የሚነግራት ሰው ይኑር። ሦስተኛው፣ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ከመካከላችን አንዱ ቁጭ ብሎ እናቲቱንም አያቲቱንም በየስሙ ይጠይቅ።

እነዚህ ሦስቱ በጀት አይጠይቁም፤ ከውጭ ሀገር የሚመጣ ዕቃም አያስፈልጋቸውም። በዚያን ጊዜ ያ የስምንት ወር ሕፃን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጠግቦ ጠብቶ፣ ቅቤው ለከሰዓት በኋላ ቈይቶለት፣ ምስሉ ተነሥቶለት በእናቱ ክንድ ላይ ሆኖ አዋሽን ይሻገራል።